ትልቅ ሞዴል ሮኬት ከኪት መሥራት፦ ከሣጥኑ እስከ ማስወንጨፊያው ሜዳ

ትንሽ ሞዴል ሮኬት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይሠራል። የወረቀት ቱቦ፣ የባልሳ እንጨት ክንፍ፣ ጠብታ ኮላ፤ አለቀ። ትልቁ ግን ሌላ ሥራ ነው። እዚህ ትልቅ የምለው የቱቦው ውፍረት 10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ፣ ክንፉ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ፣ 38 ሚሊሜትር ሞተር የሚያቅፍ ኪት ነው። ሎክ ፕሪሲዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው ሎክ-4 የዚህ ዓይነት ነው። የሌሎቹም ኪቶች ስምና መልካቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው ይኸው ነው።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ጀማሪ ሰው ሮኬቱ እንዳይሰበርበት ሲፈራ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ያፈሳል። የሚያፈሰው ደግሞ ሁሌም ጅራት ላይ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም እዚያ ስለሆነ። ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚበረው ክብደቱ ወደ አፍንጫው ሲያደላ ነው። ስለዚህ ጅራት ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ግራም አፍንጫ ላይ ዕዳ ይሆናል። ዕዳውን በክብደት ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ የሞተሩም ዋጋ ይጨምራል። ጥንካሬው ከማጣበቂያው ብዛት አይመጣም። ተራውን ጠብቆ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትንሹ ከመቀባት ይመጣል።

መጀመሪያ ክለብ፣ ከዚያ ኪት

ሞተሮች በፊደል ይመደባሉ። እያንዳንዱ ፊደል ከእሱ በፊት ካለው ፊደል እጥፍ ጉልበት ድረስ ይሄዳል። ጂ 160 ኒውተን-ሰከንድ ላይ ያበቃል። በአሜሪካ ከኤች ጀምሮ ያለውን ገዝቶ ለማስወንጨፍ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ኤችና አይ ደረጃ 1፣ ጄ፣ ኬና ኤል ደረጃ 2፣ ኤምና ከዚያ ወዲያ ደረጃ 3 ናቸው። ማረጋገጫውን የሚሰጡት ሁለት ድርጅቶች ናቸው፤ በ1957 የተመሠረተው ብሔራዊ የሮኬት ማኅበርና ትሪፖሊ የተባለው የሮኬት ማኅበር። ዕድሜ 18 መሙላት ያስፈልጋል። ከ14 እስከ 17 ላሉ ታዳጊዎች ብሔራዊው ማኅበር የተለየ ፕሮግራም አለው።

የደረጃ 1 ፈተና ወረቀት ላይ አይደለም። ሮኬቱን ራሳችሁ ትሠራላችሁ፣ የክለብ አባል እያየ ታስወነጭፋላችሁ፣ ሮኬቱ በፓራሹት ወርዶ ዳግም ለመብረር በሚችል ሁኔታ ከተገኘ አለፋችሁ። የአየር ክልሉን ፈቃድ ከአቪዬሽን ባለሥልጣኑ የሚያመጣው ክለቡ ነው። ለዚህ ነው ክለብ ይቅደም የምለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ፣ የሜሪላንድ ዴላዌር ሮኬት ማኅበር ከቤይ ብሪጅ ማዶ ባሉት እርሻዎች ያስወነጭፋል። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ እዩ። አሮጌዎቹ አባላት ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ አንዳንዴም ማቆሚያ የላቸውም።

አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ፦ የሮኬት ሞተር በአውሮፕላን ሻንጣ አይሄድም። በእጅም፣ በሚጫነውም ክልክል ነው። ሰው አግኝቼ ላኩ ብሎ ነገር የለም፤ መንገደኛውን ኤርፖርት ላይ ጣጣ ውስጥ መክተት ነው።

ነዳጁን እቤት መቀመምም አይታሰብ። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተወለደው ያንን ለማስቀረት ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች ጓዳ ውስጥ በቀመሙት ነዳጅ ጣታቸውን አጥተዋል። ኔብራስካ ውስጥ በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል በ1954 ተተኪ ሞተር ያለው የወረቀት ሮኬት ሠራ። ኋላ የሮኬት መሐንዲሱ ሃሪ ስታይን ተቀበለው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ቨርን ኤስቲስ ሞተሩን በማሽን ማምረት ጀመረ። ሞተሩ የሚገዛ፣ ሮኬቱ የሚሠራ፤ ሕጉ እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

ዕቃው

ኪቱ ውስጥ ቱቦዎቹ፣ አፍንጫው፣ ክንፎቹ፣ ቀለበቶቹ፣ ገመዱና ፓራሹቱ ይኖራሉ። ከውጭ የምትገዙት የ30 ደቂቃና የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ፣ ሙቀት የሚችል ኢፖክሲ (ጄቢ ዌልድ ይበቃል)፣ 80፣ 120፣ 220 እና 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከተር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አልኮል፣ ጓንት፣ የአቧራ ማስክና አንድ ሜትር ያህል የአሉሚኒየም አንጎላሬ ነው። የኩሽና ሚዛንም ያስፈልጋችኋል። ጓንቱን አትናቁት። ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያስይዛል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። መስኮት ክፈቱ።

ሣጥኑን ስትከፍቱ ሁሉንም ነገር ያለ ማጣበቂያ ገጣጥሙት። ቀለበቱ ቱቦው ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል? የክንፉ ምላስ (ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍሉ) በትልቁ ቱቦ ስንጥቅ አልፎ የሞተሩን ቱቦ ይነካል? የጠበቀውን በ120 አሹት። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑና ጻፉ። በኋላ ምን ያህል ኢፖክሲ እንደበላችሁ የሚነግራችሁ ይህ ወረቀት ነው።

የሞተር ማቀፊያው

የሞተር ማቀፊያ ማለት ሞተሩ የሚገባበት ቀጭን ቱቦና በትልቁ ቱቦ መሀል የሚይዙት የኮምፔንሳቶ ቀለበቶች ናቸው። የሞተሩን ግፊት ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው።

ቱቦዎቹ የሚያብረቀርቅ ስስ ወረቀት ለብሰዋል። ኢፖክሲ እሱ ላይ ቢያርፍም የሚይዘው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ሲላጥ ሁሉም አብሮ ይላጣል። ማጣበቂያ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ብርሃኑ እስኪጠፋ በ120 አሹ። የትልቁን ቱቦ ውስጥም እንዲሁ።

የፊቱን ቀለበት ከማጣበቃችሁ በፊት ገመዱን አስቡ። ፓራሹቱን ከሮኬቱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የሚታሰረው እዚህ ነው። ቀለበቱን በትራፓኖ ብሱና ዓይን ያለው ቡሎን በዳዶ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ዳዶው እንዳይፈታ ጠብታ ኢፖክሲ ጣሉበት። ወይም የኬቭላር ገመድ በቀለበቱ አሳልፋችሁ በሞተሩ ቱቦ ላይ አጣብቁ። ኬቭላር እሳት ይችላል። ኪቱ ውስጥ ቀጭን የልብስ ላስቲክ ካገኛችሁ ለሱሪ ወገብ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው ዘዴ። የፊቱን ቀለበት በሞተሩ ቱቦ ላይ በሁለቱም በኩል አጣብቁ። የኋላውን ግን አታጣብቁት። ለጊዜው ዝም ብላችሁ ሰክታችሁ ተዉት፤ ለመጎተቻ እንዲሆን የወረቀት ፕላስተር ጆሮ አድርጉለት። ከዚያ በትልቁ ቱቦ ውስጥ፣ የፊቱ ቀለበት በሚያርፍበት ልክ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ የኢፖክሲ ቀለበት ቀቡና ማቀፊያውን በአንድ ትንፋሽ ግፉት። መሀል ላይ ከቆማችሁ እዚያው ይይዛል። ቱቦውን የአፍንጫውን በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ኢፖክሲው ወደ ቀለበቱ ይወርዳል።

የኋላው ቀለበት ያልተጣበቀው በዚያ ክፍተት እጃችሁን ስለምታስገቡ ነው። ብዙ መመሪያዎች ሁለቱንም ቀለበት ቀድመው ያስጣብቃሉ። ይበራል፤ ግን የክንፉን ሥር ከውስጥ የመቀባት ዕድል ይዘጋል። ያኔ ሰው ክንፉን ለማጠንከር ከውጭ ኢፖክሲ ይከምራል።

ክንፎቹ

መጀመሪያ ጠርዛቸው። የፊቱን ጠርዝ አድቦልቡሉት፣ የኋላውን ቀስ በቀስ አሳሱት። ቱቦውን የሚነካውን ጠርዝ ግን አትንኩ፤ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሦስቱንም ክንፎች ደርባችሁ አንድ ላይ ብታሹ እኩል ይሆናሉ።

ስንጥቁ ቀድሞ ያልተቆረጠበት ኪት ከሆነ፣ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን ምልክት አድርጉ፣ ፈትታችሁ ለሦስት ክፈሉት። ዙሪያው 32 ሴንቲሜትር ከሆነ በየ10.7 ሴንቲሜትሩ ማለት ነው። አንጎላሬውን ቱቦው ላይ አጋድሙት፤ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። በእርሳስ መስመሩን አስምሩ። ስንጥቁን በአዲስ ምላጭ፣ ሳትጫኑ፣ ደጋግማችሁ ቁረጡ።

ክንፎቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ጫፉን በ5 ደቂቃ ኢፖክሲ ቀብታችሁ በሞተሩ ቱቦ ላይ አሳርፉና እስኪይዝ ያዙት። ይህ ለመያዝ ብቻ ነው። ቀጥ ማለቱን በዓይን አትመኑ፤ ከወፍራም ካርቶን ሦስት ስንጥቅ ያለው ክብ ቆርጣችሁ ከጅራቱ በኩል አልብሱት። የተጣመመ ክንፍ ሮኬቱን ያሽከረክረዋል፤ በኋላ የሚያቃናው ነገር የለም።

ሦስቱም ከያዙ በኋላ የኋላውን ቀለበት በጆሮው ጎትታችሁ አውጡት። አሁን በክፍተቱ ውስጥ የክንፉ ምላስ ከሞተሩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን፣ ከዚያ ምላሱ ከትልቁ ቱቦ ጋር ከውስጥ የሚገናኝበትን ጥግ ሁሉ በ30 ደቂቃ ኢፖክሲ ቀቡ። ሮኬቱን አጋድማችሁ ሁለት ክንፎች ወደ ላይ እንዲከፈቱ አድርጉ፤ ኢፖክሲው በራሱ ክብደት ጥጉ ላይ ይተኛል። ሲደርቅ አዙራችሁ ቀጣዩን። ይህ ቀኑን ይበላል፤ ይብላ። በትንሽ በትንሹ በጥብጡ፤ በአንድ ኩባያ ብዙ ከበጠበጣችሁ ይግልና እጃችሁ ላይ ይደርቃል።

ከዚያ የኋላውን ቀለበት አጣብቃችሁ ዝጉት። ሞተሩን ከኋላ የሚይዘውን መቆለፊያ በጄቢ ዌልድ ለጥፉ፤ ተራ ኢፖክሲ በሞተሩ ሙቀት ይለሰልሳል። የመቆለፊያውን ጥርስ እንዳይነካ ጠንቀቅ በሉ። መቆለፊያ ከሌለ ሞተሩ ፓራሹቱን በሚያስፈነጥረው ባሩድ ግፊት ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ፓራሹቱ አይወጣም።

የውጭው ጥግ አሁን ለመልክና ለአየር ፍሰት ያህል ነው። ከጥጉ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ኢፖክሲውን በስሱ አፍስሱ፣ ጓንት ያደረገ ጣት አልኮል ነክራችሁ አንዴ ጎትቱ፣ ኢፖክሲው ሳይደርቅ ፕላስተሩን አንሱ።

ሁለቱን የሐዲድ አዝራሮች ሥሩ። ሮኬቱ ተነሥቶ ፍጥነት እስኪይዝ በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው በእነሱ ነው። በሁለት ክንፎች መሀል ባለው መስመር፣ አንዱን በኋላው ቀለበት፣ ሌላውን በሮኬቱ የክብደት መሀል አካባቢ ከውስጥ ቁራጭ እንጨት አጣብቃችሁ በቪት እሰሯቸው። ሐዲዱ ላይ ሲንሸራተቱ መንቀርፈፍ የለባቸውም።

አፍንጫ፣ ገመድ፣ ፓራሹት

የፕላስቲክ አፍንጫ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አለው። በሳሙና እጠቡትና በ220 አሹት። አንገቱ ቱቦው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ሮኬቱን አፍንጫውን ይዛችሁ አንጠልጥሉት። በራሱ ክብደት መውደቅ የለበትም፤ ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁት ግን ይውጣ። ከላላ የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ከጠበቀ አሹት።

ገመዱ ከሮኬቱ ቁመት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይርዘም። አጭር ሲሆን አፍንጫው ተፈናጥሮ ጫፍ ይደርስና ተመልሶ ቱቦውን ይመታል። ፓራሹቱ የሮኬቱን አወራረድ በሰከንድ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር አካባቢ ማድረግ አለበት። ለ1.4 ኪሎ ሮኬት 1.1 ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ፓራሹት በሰከንድ 5.5 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ይስፋ ብላችሁ ከልክ በላይ አትጨምሩ። ከ300 ሜትር በዚህ ፍጥነት ለመውረድ 55 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ሮኬታችሁ 275 ሜትር ርቆ ያርፋል። ከእርሻው ቀጥሎ ጫካ ካለ ታሪኩ ያበቃል።

ፓራሹቱ ከባሩዱ እሳት እንዲጠበቅ እሳት የማይበላው ጨርቅ ይጠቀለልበታል። ከላይኛው ቱቦ ጎን 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ሮኬቱ ሲወጣ የውጭው አየር ይሳሳል፤ ውስጥ የታፈነው ካልወጣ አፍንጫውን ቀድሞ ሊገፋው ይችላል።

ቀለም

ብዙ የምለው የለኝም። የቱቦውን ጠመዝማዛ መስመር በእንጨት ስቱኮ ሙሉ፣ አሹ፣ የስር ቀለም ስጡት፣ በ400 አሹ፣ ከዚያ ቀለሙን በስስ ንብርብር። ስፕሬዎቹ ከአንድ ኩባንያ ይሁኑ፤ የተለያዩ ሲደራረቡ ሊሸበሸቡ ይችላሉ። ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ምረጡ። ነጭ ደመና ላይ ይጠፋል፣ አረንጓዴ ሣር ውስጥ አይገኝም። የአፍንጫውን አንገት አትቀቡ።

ሚዛኑ

አሁን ዕዳው የሚሰላበት ጊዜ ነው። ሮኬቱ ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛው የክብደቱ መሀል፣ ሁለተኛው የአየር ግፊቱ መሀል። የክብደቱ መሀል ቢያንስ በአንድ የቱቦ ውፍረት ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። የእኛ ቱቦ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ በ10 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

የአየር ግፊቱን መሀል ሮኬቱን በእጅ አንጠልጥሎ ማግኘት አይቻልም። ኦፕንሮኬት የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ያሰላዋል፤ በ2009 አካባቢ በፊንላንድ ለማስተርስ ማሟያ የተሠራ ነው። መጠኖቹን አስገቡ፣ ነጥቡን በእርሳስ ሮኬቱ ላይ ምልክት አድርጉ። የክብደቱን መሀል ግን ሶፍትዌሩን አትመኑ። እሱ የእናንተን ኢፖክሲ አያውቅም። ፓራሹቱን አጥፋችሁ አስገቡ፣ ሞተሩን ከነነዳጁ ወይም እኩል የሚመዝን ነገር ክተቱ፣ ሮኬቱን በገመድ አንጠልጥላችሁ አግድም የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። ልዩነቱ ከ10 ሴንቲሜትር ካነሰ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይጨመራል። ፕላስቲኩ በኢፖክሲ ብቻ ስለማይያዝ ክብደቱን በቪት እሰሩት።

ሞተር መምረጥ

በሞተሩ ላይ ኤች128-10 የሚል ካያችሁ፣ ኤች የጉልበቱ ክፍል፣ 128 አማካይ ግፊቱ በኒውተን፣ 10 ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። ግፊቱ ከሮኬቱ ክብደት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን። 1.5 ኪሎ ማለት 14.7 ኒውተን ነው፤ አምስት እጥፉ 74 ይደርሳል። 128 ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል፤ ምንም አይልም። 1.8 ሜትር ሐዲድ ላይ ደግሞ በሰከንድ 16 ሜትር ያህል ይዞ ይለቃል። ከ15 በታች ከሆነ ክንፎቹ አየሩን በደንብ ስለማይጨብጡ ነፋስ ያጋድለዋል። ኤች128 ባለ29 ሚሊሜትር ስለሆነ በ38 ማቀፊያ ውስጥ አስማሚ ይፈልጋል።

ሰከንዱን ኦፕንሮኬት ይነግራችኋል። በቶሎ ወይም ዘግይቶ ከወጣ ሮኬቱ ገና እየከነፈ ነው፤ ገመዱ ተወጥሮ ቱቦውን እንደ ዚፕ ይተረትረዋል። ብዙዎቹ ሞተሮች ሰከንዱን በትንሽ መሰርሰሪያ ለማሳጠር ያስችላሉ።

ሜዳው ላይ

የደህንነት ኃላፊው ሮኬቱን ያያል፣ ክንፉን ይነቀንቃል፣ የሚዛኑን ምልክት ይጠይቃል። አትቀየሙ፤ ሥራው ነው። ማቀጣጠያው ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ሮኬቱ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ካየ በኋላ ብቻ ነው። ለኤች ሞተር ሰው ሁሉ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎሜትር ካለፈ አይወነጨፍም። ቁልፉ ተጭኖ ካልነደደ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ቢያንስ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋም።

ሲወርድ ዓይናችሁን አታንሱ፤ ያረፈበትን አቅጣጫ ከሩቅ ዛፍ ወይም ቤት ጋር አያይዛችሁ ያዙ። የመብራት ሽቦ ላይ ከተሰቀለ ተዉት። ካገኛችሁት ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ፤ የሚያረጋግጠው ሰው የነደደውን ሞተር ቀፎም ማየት ይፈልጋል። ነዳጁ የሚተካበት ሞተር ከሆነ ሲበርድ ፈትታችሁ በዚያው ቀን ለብ ባለ ውኃና ሆምጣጤ እጠቡት። ካደረ ጥላሸቱ ይደርቅና በቀላሉ አይላቀቅም።